ለሽርሽር የሚሆን የከሰል ግሪል አመራረጥ፦ ከምናለሽ ተራ እስከ ላንጋኖ

ግሪል ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ማብረቅረቁን ነው። ቀጥሎ ዋጋውን ይጠይቃል። ከዚያ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ይሞክራል። ሦስቱም ሥጋ አያበስሉም። ሥጋ የሚያበስሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ከሰሉ የሚያገኘው አየር፣ እና በፍሙና በፍርግርጉ መካከል ያለው ርቀት። ሁለቱን እንደ ልባችሁ መቆጣጠር ከቻላችሁ ግሪሉ ጥሩ ነው። ከአሮጌ ብረት ተቀጥቅጦ ይሠራ ወይም ከውጭ ይምጣ ለውጥ የለውም።

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባና አካባቢዋ ሆናችሁ፣ እሁድ ወይም በበዓል ማግስት ቤተሰብ ይዛችሁ ወደ እንጦጦ፣ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ላንጋኖ ለምትወጡ ነው። ከተራራ እስከ ሐይቅ የሚያገለግል አንድ ግሪል ማግኘት ይቻላል። ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ከመረጣችሁ ገንዘባችሁ አይባክንም።

1. ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሰዉን ቁጠሩ

ስንት ሰው ይበላል? ምን ትጠብሳላችሁ? በምን ትሄዳላችሁ? እነዚህን ሳትወስኑ ከቤት አትውጡ።

ለመነሻ 30 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ ፍርግርግ እንውሰድ። መዳፍ የሚያህል የሥጋ ቁራጭ ወደ 8 ይደረደርበታል። ግን ሙሉውን መሙላት የለባችሁም። አንድ ሦስተኛው ያህል ሥሩ ፍም የሌለበት ማረፊያ ሆኖ ይቅር፤ ምክንያቱን ርቀት ላይ ስንደርስ አስረዳለሁ። ስለዚህ በአንድ ዙር የሚወጣው 5 ቁራጭ ገደማ ነው። ለ4 ወይም ለ5 ሰው ይህ ይበቃል። 8 እና 10 ሆናችሁ የምትወጡ ከሆነ ወደ 35 በ60 ከፍ በሉ።

ከዚያ በላይ ስትሆኑ አንድ ግዙፍ ግሪል ከመሸከም ሁለት ትንንሽ መያዝ ይሻላል። በጾም ወቅት ደግሞ ይህ ትልቅ መፍትሔ ነው። ጾመኛው በቆሎ እሸቱን፣ ድንቹንና ቃሪያውን ቅባት ባልነካው ብረት ላይ ይጠብሳል። ማንም ሰው ተሳቅቆ አይበላም።

የምትጠብሱት ነገርም ምርጫውን ይለውጠዋል። ቀጭን ቀጭን ተደርጎ የተቆረጠ ሽንጥ ክዳን አይፈልግም። የዶሮ ጭን፣ ወፍራም የበግ ጎድን ወይም ሙሉ የቆሮሶ ዓሣ ግን ክዳን ያለው ግሪል ላይ ነው የሚያምርበት። መኪናችሁ ቪትዝ ከሆነች ደግሞ የኋላ ዕቃ መጫኛዋን በሜትር ለኩ። ልኩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

2. የቤቱ ማንደጃ ለምን አይበቃም?

ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል። መልሱ ቀላል ነው። ላቀች የምንለው፣ ውስጡ ሸክላ የተለበጠው ማንደጃ፣ ለድስትና ለጀበና የታሰበ ነው። አፉ ጠበብ ይላል፣ ሙቀቱን መሃል ላይ ይሰበስባል፣ ከሰልም ይቆጥባል። ፍርግርግ ብትጭኑበት መሃሉ ላይ ያለው ሥጋ ይከስላል፣ ዳሩ ላይ ያለው ጥሬ ይሆናል። ሸክላውም መንገድ ላይ በመንገጫገጭ ይሰነጠቃል። ላቀችን ለቤት ተዉት።

ለቡናው አታስቡ። ጥብሱ ሲያልቅ የሚተርፈው ፍም ለጀበና ከበቂ በላይ ነው። ግሪል ስትመርጡ ፍርግርጉ ሜዳ ይሁን፣ ዘንጉም ጠጠር ያለ ይሁን የምለው ለዚህም ጭምር ነው። ቀጭን ሽቦ ላይ የተቀመጠ ጀበና ይንጋደዳል።

3. አየሩን መርምሩ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ከሰሉ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። እንጦጦ አናት ላይ ከ3,000 ሜትር ስለምታልፉ ይብሳል። ላንጋኖ ግን 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ያው ግሪል እዚያ ሞቅ ብሎ ይነዳል።

ስለዚህ ጥቃቅን ቀዳዳ ብቻ ያለው፣ ለጠረጴዛ ጌጥ የሚመስል ግሪል እኛ አገር ሲያንቀላፋ ይውላል። እናንተም ከጎኑ ተንበርክካችሁ ስታራግቡ ትውላላችሁ። ሦስት ነገር ፈልጉ።

የመጀመሪያው ከታች ወይም ከጎን ያሉት ቀዳዳዎች ናቸው። አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ በሁለቱም ረዥም ጎኖች፣ ቢያንስ አራት አራት ቢኖር ጥሩ ነው። በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ከሰሉ በዚያው በኩል ይቀልጣል፣ ሌላው ወገን ይጠቁራል።

ሁለተኛው መዝጊያ ነው። ቀዳዳው ላይ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት ላሜራ ሊኖር ይገባል። ላንጋኖ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ በነፋሱ በኩል ያለውን ዘግታችሁ በሌላው ታስተነፍሱታላችሁ። መዝጊያ የሌለው ግሪል ከሰላችሁን በግማሽ ሰዓት ጨርሶ ባዶ እጃችሁን ያስቀራችኋል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው። ከሰሉ በቀጥታ ወለሉ ላይ መቀመጥ የለበትም። ከወለሉ 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ ወንፊት ያስፈልገዋል። አመዱ በወንፊቱ ይወርዳል፣ አየሩ ከሥር ይገባል። ወንፊት ከሌለ ከሰሉ በራሱ አመድ ታፍኖ ይሞታል። ሻጩ «አያስፈልገውም» ቢላችሁ አትስሙት።

4. ርቀቱን ለኩ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ታጣፊ ግሪሎች በብዛት የሚወድቁት እዚሁ ላይ ነውና። አምራቹ ግሪሉ ቀጭን ሆኖ እንዲታጠፍ ሲል ጥልቀቱን ይቀንሰዋል። ከሰሉ ሲሞላ ፍሙና ሥጋው ሊነካኩ ይደርሳሉ።

የበግ ጎድን እንደዚያ ያለ ግሪል ላይ ስታስቀምጡ የሚሆነውን ልብ በሉ። መጀመሪያ ጸጥ ይላል። ከዚያ ከጮማው ጠርዝ አንዲት ጠብታ ስብ ትንጠለጠልና ትወድቃለች። ጭስ ቦግ ይላል። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ጠብታ ይከተላሉ፤ አሁን ነበልባሉ በፍርግርጉ መሃል ወጥቶ ጎድኑን ይልሰዋል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ላዩ ጥቀርሻ ይለብሳል። ብትቆርጡት አጥንቱ ሥር ገና ደም ነው። ብዙ ሰው ይህ ሲደርስበት ሥጋውን ወይም ራሱን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን የርቀቱ ነው።

ባዶው ግሪል ውስጥ ማስመሪያ አስገቡና ከከሰል ወንፊቱ እስከ ሥጋ ፍርግርጉ ለኩ። ከ12 እስከ 15 ሳንቲሜትር ከሆነ በጣም ጥሩ። ከሰሉ ራሱ 5 ሳንቲሜትር ያህል ስለሚይዝ ከላዩ ከ7 እስከ 10 ይተርፋችኋል። ጠቅላላው ከ8 በታች ከሆነ ተዉት፤ የሚያገለግለው ለበቆሎና ለቀጭን ሥጋ ብቻ ነው። ፍርግርጉ በሁለት ወይም በሦስት ደረጃ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ብር ቢጠየቅበትም ያዋጣል።

ሁለተኛው የርቀት መቆጣጠሪያ ወደ ጎን ነው። ከሰሉን ወደ አንድ በኩል ሰብስባችሁ አንድ ሦስተኛውን ባዶ ትተዋላችሁ። ነበልባል ሲነሳ ሥጋውን ወደ ባዶው ታሸሹታላችሁ። ዶሮም ፍሙ ላይ ቆዳው ከቀላ በኋላ እዚያ ሄዶ ቀስ ብሎ ውስጡ ይበስላል። ስለዚህ አራት ማዕዘን ወይም ረዘም ያለ ቅርጽ ከጠባብ ክብ ይመረጣል። ዲያሜትሩ ከ35 ሳንቲሜትር ያነሰ ክብ ግሪል ላይ ለሁለት መክፈል አስቸጋሪ ነው።

5. ብረቱን ጠይቁ

መርካቶ ውስጥ ባለው ምናለሽ ተራ የሚሠሩት ባለሙያዎች እጃቸው የተባረከ ነው። ከተጣለ ብረት የማይሠሩት ነገር የለም። ግን የሚበላ ነገር ስለሚነካው ብረቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ አትፈሩ።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ከጋልቫናይዝድ ብረት ነው፤ ዚንክ ከተቀባው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ይህ ነው። ግራጫ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ላዩ ላይ ብዙ ጊዜ የተሰባበረ ብርጭቆ የመሰለ ሥዕል ይታያል። ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፣ ከ900 ትንሽ አልፎ ይተናል። የተራገበ ፍም እዚያ ይደርሳል። ጋልቫናይዝድ የሚበይዱ ሰዎች ጉዳዩን ያውቁታል፤ ጭሱን ሲስቡ ውለው ማታ ብርድ ብርድ ይላቸዋል፣ ትኩሳት ይይዛቸዋል። እሳት በሚነካው ክፍል ላይ፣ በፍርግርጉ ላይ ደግሞ በፍጹም፣ እንዲህ ያለ ብረት አይግባ።

በርሜልም እንዲሁ ነው። ዘይት የነበረበት በርሜል ተቃጥሎ ከጸዳ ይሆናል። ኬሚካል ወይም ቀለም የነበረበት ግን ይቅርባችሁ። ምን እንደነበረበት የማይታወቅ ከሆነም ይቅርባችሁ።

የሚሻለው አዲስ ጥቁር ላሜራ ነው። ውፍረቱ 1.5 ሚሊሜትር ቢሆን ለሚሸከሙት ግሪል ልክ ነው። 40 በ30፣ ቁመቱ 15 ሳንቲሜትር የሆነ ሣጥን በዚህ ውፍረት ሲሠራ 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በ3 ሚሊሜትር ብታሠሩት 8 ኪሎ ይሆናል፤ ዕድሜው ይረዝማል፣ ትከሻችሁ ግን ይከፍላል። ከ1 ሚሊሜትር በታች የሆነው ቀጭን ደግሞ ጥቂት ጊዜ ሲነድ ይጣመማል። ከተጣመመ ክዳኑ አይገጥምም፣ ፍርግርጉም ይወዛወዛል።

ስቴንለስ ዝገት ስለሚቋቋም ጥሩ ነው። ማግኔት የሚለጠፍበትም የማይለጠፍበትም ስቴንለስ ስላለ በማግኔት ብቻ አትፍረዱ። ውፍረቱን እዩ። ብዙዎቹ የሚያብረቀርቁ ታጣፊዎች ስስ ናቸው።

6. ፍርግርጉ

ባለ 6 ሚሊሜትር ቶንዲኖ (ክብ የብረት ዘንግ)፣ በ1 ሳንቲሜትር ክፍተት፣ በደንብ የተበየደ። እኔ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ወፍራም ብረት ሙቀት ይይዛል፤ ሥጋው ላይ ያንን የምንወደውን ቡናማ መስመር ያወጣል። 30 በ40 የሆነው ወደ 2 ኪሎ ይመዝናል። ቀለም አይቀባ። ብየዳው ላይ የተረፈ ሹል ነገር ካለ እዚያው በሞረድ ይሞርዱላችሁ።

ከአሮጌ ፍሪጅ የተነቀለ መደርደሪያ አትጠቀሙ። የተለበጠበት ነገር ሲግል ጎጂ ጭስ ሊያወጣ ይችላል። ነገሩ ርካሽና ልኩ የሚገጥም ስለሆነ ያጓጓል፤ ግን ለልጆቻችሁ የምታበስሉበት ነው።

7. እግር፣ እጀታ፣ ክዳን

እግሩ ታጣፊ ከሆነ ሲዘረጋ ቀጭ ብሎ የሚቆልፍ ይሁን። በቡሎን የሚጠብቅ እግር ቡሎኑ ሣር ውስጥ ሲጠፋ ያበቃለታል። ወለሉ ከመሬት ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ይራቅ፤ ሣሩን እንዳያቃጥል።

እጀታው እንጨት ወይም የሽቦ ጥምዝ ይሁን። ፕላስቲክ አይሆንም።

ክዳን አስፈላጊ ነው ወይ? እኔ አዎ ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1952 ቺካጎ ውስጥ በዌበር ብረታ ብረት ሥራ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቲቨን የመርከብ ማመላከቻ የሚሆን የብረት ኳስ ለሁለት ከፍሎ ዝነኛውን ክብ ግሪል ያወጣው ክዳን ያለው መጥበሻ ፈልጎ ነው። ክዳን ነፋስ ይከላከላል፣ ስቡ ያነሳውን ነበልባል በአየር እጦት ያጠፋዋል፣ ወፍራም ሥጋ ዙሪያውን እንዲበስል ያደርጋል። ሲያልቅ ደግሞ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ዘግታችሁ ፍሙን ታጠፉበታላችሁ፤ የተረፈው ከሰል ለሌላ ቀን ይሆናል። ክዳኑ ላይም የሚከፈትና የሚዘጋ ቀዳዳ መኖር አለበት።

8. ይገዛ፣ ይሠራ ወይስ ከውጭ ይምጣ?

ሱፐርማርኬት ያለው ዝግጁ ነው፣ ቀላል ነው፣ ግን ርቀቱና ውፍረቱ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ማስመሪያችሁን አትርሱ።

ማሠራት የኔ ምርጫ ነው። ወረቀት ላይ ሣጥኑን ሥላችሁ እነዚህን ቁጥሮች ጻፉ፦ ርዝመት 40፣ ስፋት 30፣ ቁመት 20፣ ወንፊቱ ከወለሉ በ4፣ ፍርግርጉ ከወንፊቱ በ13፣ ላሜራ 1.5 ሚሊሜትር፣ ቀዳዳ በየረዥም ጎኑ 4 ከነመዝጊያው። ባለሙያው የሚሠራው በልክ ነው፤ ልክ ከሰጣችሁት አያሳፍራችሁም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ላሜራውን አሳዩኝ በሉት።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ዘመድ ሊመጣ ከሆነ ደግሞ ትንሹ ባለክዳን ክብ ግሪል፣ 37 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነው፣ ከ5 ኪሎ ስለማያልፍ 23 ኪሎ በሚፈቀድ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ሆዱን በልብስ ሞልቶ ያምጣው። ከሰልና ማቀጣጠያ ፈሳሽ ግን አውሮፕላን ላይ አይጫንም። እዚያው አሜሪካ ሆናችሁ ለምትገዙ ደግሞ አንድ ነገር፤ በብዙ ከተሞች የእሳት ደንብ መሠረት የአፓርታማ በረንዳ ላይ ከሰል ማንደድ ክልክል ነው፤ ግሪሉን ፓርክ ይዛችሁ ውጡ።

9. ከመክፈላችሁ በፊት

መሬት ላይ ዘርጉትና በአንድ ጣት ጫፉን ግፉት፤ ከተወዛወዘ ተመለሱ። የወለሉን መሃል በአውራ ጣት ጫን በሉት፤ እንደ ጣሳ ቀጭ ቀጭ ካለ ስስ ነው። ክዳኑን ገጥማችሁ ወደ ብርሃን አንሱት፤ ብርሃኑ በየት በየት እንደሚሾልክ ታያላችሁ። መዝጊያዎቹን ደጋግማችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። አጥፋችሁ ዘርጉት፤ ሻጩ ሳይሆን እናንተ ራሳችሁ። በመጨረሻ ሙሉውን ዕቃ በእጀታው አንጠልጥላችሁ ሱቁን ዙሩ። መኪና ከቆመበት እስከ ሐይቁ ዳር የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ።

10. የመጀመሪያው እሳት

አዲስ ግሪል ላይ በመጀመሪያው ቀን ምግብ አይጫንም። ግቢ ውስጥ ወይም ደጅ ከሰል ሙሉበትና አንድ ሰዓት ያህል አንድዱት። የፋብሪካ ዘይትና ቀለም ካለ ሸትቶ ያልቃል። ሲበርድ ፍርግርጉን በሽቦ ብሩሽ ፍቁ፣ እጠቡ፣ አድርቁ፣ የምግብ ዘይት ቀቡት።

ከሰሉ የግራር ቢሆን ይመረጣል፤ ጠጣር ስለሆነ ቆይቶ ይነዳል። የባሕር ዛፍ ከሰል ቀላል ነው፣ ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም ያልቃል። ሁለት ፍሬ አጋጭታችሁ ስሙ፤ በደንብ የተቃጠለው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድፍን ድምፅ ያለውና ቡናማ ቦታ የሚታይበት ያልበሰለ ነው፤ ያጨሳል። ለ5 ሰው አንድ ተኩል ኪሎ ያህል ያዙ።

በላምባ አታቀጣጥሉ፤ ሽታው ሥጋው ውስጥ ይገባል። ትልቅ የወተት ጣሳ ሁለቱንም ጫፍ ክፈቱ፣ የታችኛውን ዳር ዙሪያውን ብሱት፣ ወንፊቱ ላይ አቁሙትና ከሥሩ ወረቀት ከላዩ ከሰል ጨምሩ። ወረቀቱን ለኩሱት። ላይኛው ከሰል ጠርዙ ነጣ ሲል ጣሳውን በመቆንጠጫ አንሱት። አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። መዳፋችሁን በፍርግርጉ ከፍታ ላይ ያዙ፤ 2 ወይም 3 ሰከንድ ብቻ ከቻላችሁ ለቀጭን ሥጋ ነው፣ እስከ 5 ከቻላችሁ ለዶሮና ለዓሣ። ዶሮ መሃሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ አጥንቱ ሥር ቁረጡና እዩ፤ ቀይ ፈሳሽ ከታየ ይመለስ።

በጋ ላይ እንጦጦ ከሆናችሁ የረገፈ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ አታንድዱ። ቅጠሉ ዘይት አለው፣ በአንድ ፍንጣሪ ይያያዛል። እሳት የተፈቀደበትን ቦታ ጥበቃዎቹን ጠይቁ፤ ዙሪያውን አንድ ሜትር ጥረጉ፤ አንድ ጀሪካን ውኃ አጠገባችሁ ይኑር።

ዝናብ ቢመጣም፣ ብርድ ቢመጣም ግሪሉን ድንኳን ወይም መኪና ውስጥ አታስገቡ። ፍሙ የጠፋ ሲመስል እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ተኝታችሁ ይገድላል።

ወደ ቤት ከመጫናችሁ በፊት አመዱን ውኃ አፍስሱበትና አማስሉት። እጃችሁን አስገብታችሁ ቀዝቃዛ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ በጣሳ ያዙት። ግሪሉን እርጥብ አመድ ውስጡ እንዳለ አታሳድሩ፤ ዕለቱን ካልተራገፈ ወለሉ በአንድ ክረምት ይበላል።